«አለቀ» ያልኩበት ቅዳሜ

የቡድናችንን ስም አልጠራም። በጠራሁት ቁጥር የሚሸነፍ ይመስለኛል። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ያንን ቅዳሜ ከኔ ጋር ያልዋለ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ሥራዬ ባነርና ማህተም መሥራት ነው። ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የዚህ ሥራ ጠባዩ አንድ ነው፤ ደንበኛ ቀኑን ሙሉ እየደወለ «አለቀ ወይ?» ይልሃል፣ አንተም «አለቀ፣ አለቀ፣ ይምጡ!» ትላለህ። ባነሩ ገና ዲዛይኑ አልተነካም፤ ግን አለቀ ነው። ሰውየው ታክሲ ጠብቆ፣ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ እስኪመጣ ይደርሳል ብለህ ነው። ካልደረሰም መብራት ሄዶ ነበር ትላለህ። ውሸት አይደለም፤ ማለቴ፣ ውሸት ነው፣ ግን ልብስ ሰፊውም አለቀ ይላል፣ መካኒኩም ሞተሩን መሬት ላይ በትኖ አለቀ ይላል። ዋጋ ስንቆርጥም አለቀ ነው የምንለው። በቃ፣ አፋችን ለምዶታል።

ልጅቷንም ያገኘኋት በዚሁ ቃል ነው። ለመሥሪያ ቤቷ ባነር አዝዛ ሦስት ቀን «አለቀ» እያልኩ አመላለስኳት። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አለቀ ማለት ባንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። ባነሩ እስኪታተም ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ያለ ባነርም መምጣት ጀመረች። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየን በኋላ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ማንም ያውቃል፤ ግን ቀጠሮ ይሰጠዋል። ቀጠሮ ካለ ተስፋ አለ። የልጅቷ አባት የታላቅ እህቷን ሽማግሌዎች ያለ ቀጠሮ ነው የሸኟቸው። በቃ፣ «ደህና ግቡ» ብለው በሩን ዘጉ። እህቷን የጠየቀው ልጅ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ፣ እህቷ እስከዛሬ እቤት ናት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው፤ እሺ እንዲሉኝ አይደለም፣ ቀጠሮ እንዲሰጡኝ ብቻ ነው የለመንኩት።

«አባዬ ልቡ የሚራራው ቡድኑ ያሸነፈ ቀን ነው» አለችኝ ልጅቷ። «ያን ቀን የጎረቤት ውሻ እንኳን አጥንት ይወረወርለታል።» ቡድኑ ደግሞ የኔም ቡድን ነው። ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፤ የዚያ ቅዳሜ ተጋጣሚው ደግሞ ወራጅ ቀጠና ውስጥ የሚዳክር አንድ ምስኪን ቡድን ነው። ጨዋታው ዘጠኝ ተኩል ላይ ይጀምራል። እናቷ ነገሩን ታውቃለች። አባቷ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንግዳ አለብን» ተብለዋል፣ ከዚያ በላይ አልተነገራቸውም። አጎቴና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከልጅቷ ቤት አጠገብ ካለች ካፌ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ኳስ ቤት ከአባቷ ጀርባ ተቀምጬ የፊታቸውን ነገር አያለሁ፤ ሰውየው አይተውኝ አያውቁም። ጨዋታው ሲያልቅ፣ አሸንፈን ፊታቸው ሲፈታ፣ ለአጎቴ እደውላለሁ። አቤት ዕቅድ! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ኳስ ቤቱ ካዛንቺስ ውስጥ ነው። የድሮው ሲፈርስ ባለቤቱ ስክሪኑንና አግዳሚዎቹን ተሸክሞ እዚያው አካባቢ ወደ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አዛወረው። ሙቀቱ ሌላ ነው። አባቷን ወዲያው ነው ያወቅኳቸው፤ ግራጫ ባርኔጣ፣ ሁለተኛው አግዳሚ፣ የግራው ጫፍ፣ ልክ እሷ እንዳለችኝ። ከጀርባቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። የአንገታቸውን ጀርባ እያየሁ ይሄ አንገት አማቴ ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ፣ ለብቻዬ ሳቅኩ።

በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት አገባን። ከዕረፍት መልስ ሦስተኛውን ስናገባ ቤቱ ተነሳ። ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ላይ ወረወሩ፣ ሲወርድ እኔ ነኝ የቀለብኩላቸው። ዞረው ሳቁልኝ። «ተባረክ ልጄ!» አሉኝ። ልጄ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ሽማግሌ ሳይገባ ልጄ ተባልኩ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው። አጎቴ ኳስ አያይም፤ ሃያ ዓመት ሽምግልና የሄደ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ መጠበቅ የማይወድ ሰው ነው። ከካፌዋ ወንበር ላይ ሆኖ ሰልችቶት ኖሯል።

«አለቀ ወይ?» አለኝ።

አፌን ምን እንደነካው አላውቅም። ልክ እንደ ደንበኛ ነው የሰማሁት። ቤቱ ደግሞ ይጮሃል፣ እሱ እንዲሰማኝ እኔም ጮህኩ፦ «አለቀ! አለቀ በቃ፣ ግቡ!»

ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ባርኔጣው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ቅድም ተባረክ ያሉኝ ዓይኖች አሁን በርበሬ መስለዋል።

«ምን አልክ አንተ?»

«ምንም ጋሼ፣ ሌላ ጉዳይ ነው…»

«ፊሽካ ሳይነፋ አለቀ ይባላል? ምነው አፍህን ብትሰበስብ!»

«ኧረ ሟርቱን ተው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሽምቅቅ አልኩ። ለራሴ ግን ሦስት ለባዶ ነው፣ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው፣ ምን ይመጣል እያልኩ ተጽናናሁ።

ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከኮርና የመጣች ኳስ የተከላካያችንን ትከሻ ነክታ ገባች። ሦስት ለአንድ። «ምንም አይደለም» አሉ ሰዎች። ባርኔጣው ግን እንደገና ዞሮ አየኝ።

ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ ትዝ ያሉኝ። ለአጎቴ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። አጎቴ ሽምግልና ሲገባ ስልኩን ይዘጋል፣ ሕጉ ነው። ሁለቱንም ሽማግሌዎች አዘግቷቸዋል። ለልጅቷ ደወልኩ። በሹክሹክታ አነሳችው።

«ገብተዋል» አለችኝ።

«አስወጫቸው!»

«አብደሃል? ቆመዋል እኮ።»

«ምን ማለት ነው ቆመዋል?»

«ባለቤቱ መጥቶ ጉዳያችንን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ሳሎን መሃል ቆመዋል። እማዬ ብትለምን ብትለምን እንቢ አሉ። አጎትህ ጉልበቱን እያሸ ነው። ስንት ለስንት ነው?»

መልስ ሳልሰጣት ቤቱ «ኧረ አይደለም! ኧረ ዳኛ!» ብሎ ጮኸ። ሪጎሬ! በረኛችን አጥቂውን ጠልፎ ጥሎታል። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ። አጥቂው ራሱ መታት፣ ገባች። ሦስት ለሁለት።

ያን ጊዜ የሆነውን ነገር ኳስ የማይወድ ሰው አይገባውም። ሠላሳ ሰው በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መተንፈስ አቁሟል። ቡድናችን እግር እንደሌለው ሆነ። ኳስ ያገኘ ሁሉ ወደ ሰማይ ይለጋል፣ ኳሷ ተመልሳ ትመጣለች። አሰልጣኙ አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ አስገባ፤ አንዱ «እሱን ማን ነው አሰልጣኝ ያደረገው?» ብሎ አለቀሰ፣ እውነቴን ነው፣ ዕንባ ወረደው። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሌላው የሚለምነው ሦስት ነጥብ ነው። እኔ የምለምነው ትዳሬን ነው። በዓይነ ህሊናዬ አጎቴ ሳሎን መሃል በአንድ እግሩ ቆሞ ይታየኛል። ወይኔ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ያዙልኝ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩ።

የባከነ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ተባለ። በአምስተኛው ደቂቃ ሦስተኛዋ ገባች። ቀላል ኳስ፣ ማንም ሳይነካት፣ በበረኛችን እጆች መሃል ሾልካ። ሦስት አቻ።

የጮኸ ሰው የለም። ጩኸት እኮ ደግ ነው። አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ የለስላሳ ቆርኪ ወረወረብኝ፣ ግንባሬን አገኘኝ። ሰውየው ተነስተው ቆሙ። ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንተ ነህ» አሉኝ። «አለቀ ብለህ ያስጨረስከን አንተ ነህ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል! ሰው ሦስት ለባዶ እየመራ ምቀኝነት ምን ይሠራል? የማን ደጋፊ ነህ?»

«የኛ ነኝ ጋሼ፣ በናቴ…»

«የኛ!» አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

ጉዴ ፈላ። ከእሳቸው በፊት ደርሼ ሽማግሌዎቹን ማስወጣት አለብኝ። እሳቸው በዋናው መንገድ ነው የሚሄዱት፤ እኔ በውስጥ ለውስጥ ሮጥኩ። ሮጬ ሮጬ ቅያሱ አለ ብዬ ያሰብኩበት ቦታ ስደርስ መንገዱ የለም። ባለፈው ወር የነበረው ቅያስ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከጀርባው ኤክስካቫተር ይጮሃል። ሃያ ዓመት የማውቀው ቅያስ! አጥሩን በቡጢ መታሁት፣ ጥበቃው ሰደበኝ፣ ዞሬ በመጣሁበት ተመለስኩ። እንደ ውሻ እያለከለክሁ በራቸው ጋ ስደርስ፣ ሰውየው ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ ነው።

አዩኝ። ቁልፉ እጃቸው ላይ ቀረ።

«እቤቴ ድረስ ተከተልከኝ?»

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ልጅቷ ናት። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ግንባሬ ላይ ያለውን የቆርኪ ምልክት አየች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባዬ፣ እንግዶቹ መጥተዋል» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም እኮ!» ብለው እየተቆጡ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ አልገባ ነገር፣ አልሄድ ነገር። ግቢዋ ጠባብ ናት፣ ሳሎኑ ይታያል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ተደርድረው ቆመዋል። አጎቴ ሰውየው መግባታቸውን እንጂ ምን ይዘው እንደገቡ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንደምን ዋሉ። ከቤትዎ የመጣነው ልንወስድ ብቻ ሳይሆን ልንሰጥም ነው። ጨዋ፣ ሠርቶ አዳሪ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ አለን፤ እርስዎም እንደ ልጅዎ ይቀበሉት ዘንድ…»

«ማን ነው ልጃችሁ?» አሉ ሰውየው፣ ባርኔጣቸውን እንኳን ሳያወልቁ።

አጎቴ ስሜን ጠራ፣ ሥራዬን ተናገረ፣ ዘሬን ቆጠረ። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ ወደ በሩ ተወረወረና አየኝ። ሙሽራ ለሽምግልና አይመጣም፤ ነውር ነው። አጎቴ ክው አለ።

«እንዴ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሰውየው ቀስ ብለው ዞሩ። ያ አዟዟር መቼም አይረሳኝም።

«ይሄ?» አሉ። «ልጃችሁ ይሄ ነው?»

«አዎን» አለ አጎቴ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው።

«ይሄ ልጅ ዛሬ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሦስቱ አንዱ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ደህና አድርጌ የተሳደብኩ መስሏቸው፣ «አፍ እላፊ ከሆነ እንክሳለን» አሉ። ሰውየው ወደ እኔ አመለከቱና «ውጣ» አሉኝ።

ወጣሁ። ከበሩ ማዶ፣ ካጥሩ ሥር ቆምኩ። አጎቴ ሳሎን ውስጥ ቆሟል፣ እኔ ውጭ ቆሜያለሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስለ ጨዋታው ነው የሚያወራው። «አንዱ ሟርተኛ ገብቶ ነው አሉ» ሲባል ሰማሁ፤ ወሬው እኔን ቀድሞ ሠፈሩን አዳርሷል። ተናደድኩ። በሰውየው ተናደድኩ፣ በበረኛው ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በአፌ ተናደድኩ። ያ አንድ ቃል ባነር አጓተተብኝ፣ ደንበኛ አጣላኝ፣ አሁን ደግሞ ሚስት ሊያሳጣኝ ነው። ውስጥ ድምፅ የለም። የታላቅ እህቷን ሽማግሌዎች ከመሸኘታቸው በፊትም ቤቱ እንዲህ ጭር ብሎ ነበር ብላኛለች።

በሩ ተከፈተ። አጎቴ እያነከሰ ወጣ። ፊቱን አየሁት፣ ምንም አይነበብም።

«አልተቀመጥንም» አለኝ። «ቁጭ በሉ ሳይሉን ነው የጨረስነው።»

«ቀጠሮስ? ቀጠሮ አልሰጡም?»

«እሱን ነው እኔም ያልገባኝ።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ቀጠለ። «'ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ኳስ ቤት ይምጣ፣ አጠገቤ ይቀመጥ፣ ቃል አይተንፍስ፤ የምለውን ያኔ እላለሁ' አሉ። ሃያ ዓመት ሽምግልና ስሄድ እንዲህ ያለ ቀጠሮ አይቼ አላውቅም። ቀጠሮ ይሁን ቅጣት አንተው እወቀው።»

ሁለት ሳምንት ምግብ አልበላሁም ብል ማጋነን ነው፤ ግን አልጣመኝም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ «አለቀ ወይ?» ሲለኝ «አላለቀም» ማለት ጀመርኩ። ሰዎች ታመምክ ወይ አሉኝ።

ቅዳሜው ደረሰ። ስልኬን ዘግቼ ሄድኩ። ሰውየው ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትተዋል። ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ተቀበሉ። ቤቱ በሙሉ አወቀኝ። ሙድ የሚይዝብኝም፣ የሚገላምጠኝም ነበር። ቁጭ አልኩ፣ እጆቼን ጭኖቼ መሃል ከተትኩ።

ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ አገባን፣ አንድ ለባዶ። ቤቱ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ፤ አልጮህኩም፣ ከንፈሬን ነክሼ ዘለልኩ። ከዚያ ያ የማውቀው ነገር መጣ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት። ኳስ ወደ ሰማይ መለጋት ጀመሩ። የሰውየው ትከሻ ትከሻዬን ይነካል፣ ኳስ በተለጋ ቁጥር ይገፋኛል። ከኋላ አንዱ ረስቶት «ዛሬማ አለ…» ሲል ሠላሳ ሰው ዞሮ አፈጠጠበት። «አለሁ፣ አለሁ» ብሎ አስተካከለ። ማንም አልሳቀም።

ዘጠና አንድ። ዘጠና ሁለት። ጥርሴን ከመንከሴ ብዛት መንጋጋዬ ደንዝዟል። ዘጠና አራተኛው ደቂቃ ላይ ተከላካያችን፣ ማንም ሳያስጨንቀው፣ ኳሷን ለበረኛው አቀበላለሁ ብሎ ለተጋጣሚ አጥቂ አቀበለ። አንድ አቻ። ዳኛው መሃል ሜዳ እንኳን ሳያስጀምር ፊሽካውን ነፋ።

ዞር አላልኩም። ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ሰዎች እየተሳደቡ፣ አግዳሚ እየረገጡ ወጡ። ቤቱ ባዶ ሆነ። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ቃል ተንፍሰሃል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አልተነፈስኩም ጋሼ።»

«በሆድህስ?»

«በሆዴም አላልኩም።»

«ስልክህ?»

አውጥቼ አሳየኋቸው፣ ዝግ ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፀጉራቸው በላብ ተጣብቋል። ለብዙ ጊዜ ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት።

«እንግዲያውስ ያንተ አፍ አይደለም» አሉ። «ለካስ እነሱው ራሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ነው ስል፣ ከሰው ስጣላ…» አሳዘኑኝ፤ የምናደድባቸው መስሎኝ ነበር፣ አንጀቴን በሉት።

ከዚያ ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን ደፉ።

«አለቀ» አሉ።

ቃሏን ስሰማ ደነገጥኩ። ወደ ስክሪኑ አየሁ፣ ማስታወቂያ ነው።

«አዎ ጋሼ፣ አቻ ወጣን» አልኩ።

«ኳሱን አላልኩህም» አሉኝ። «አጎትህን ነገ ላክልኝ። ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል አይደል፣ ሲመጣ ይቀመጥ በለው።»